የመመለሻ ቀን ያልጻፍንለት ወንድም፦ በባሕር ዳር ላሉ የጽዋ ማኅበራት፣ ሰንበቴዎችና ሰበካ ጉባኤያት ግልጽ ደብዳቤ

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ከሁላችሁ ጋር ይሁን። እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ጥፋቱ ውስጥ የእኔም እጅ አለበት። አንድ ወንድማችንን ከማኅበር ያስወጣንበትን ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በመጪው ኅዳር አራት ዓመት ይሞላዋል። ዝም ብዬ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው ወደ አደባባይ ያወጣሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ አጥቢያችንንም አልናገርም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ራሱ ፈቅዶልኛል። የኳስ ቤቲንግ ያዘው። መጀመሪያ የራሱን ገንዘብ ጨረሰ፤ ቀጥሎ የማኅበሩን። ስንደርስበት 64,000 ብር የለም። ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን አንዲት የማኅበራችን እናት የዓይን ሞራ ይዟቸው ልናሳክማቸው ቃል ገብተን ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ባዶ ሆነ። ከየኪሳችን አዋጥተን እስክንሰጣቸው ሁለት ወር በጨለማ ቆዩ። ተናደድን። መናደዳችንም ልክ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጥፋቱን ላቃልል የተነሣሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

ተሰበሰብን። የማኅበሩ መሪ ሙሴያችን ጠየቁ፤ እጅ ወጣ። እኔም እጄን አወጣሁ። ከዚያ መዝገቡን ከፍቼ ጻፍኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ከማኅበሩ ተሰርዟል።» አንድ መስመር ናት። እስከ መቼ የሚል የለባትም። ምን ቢያደርግ ይመለሳል የሚልም የለባትም። ማንም አልጠየቀም። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እሱ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። ቀኖና ተቀበለ። የባጃጅ ድርሻውን ሸጠ። የቀረውን እየሠራ በየወሩ ለእኔ ያመጣልኝ ጀመር፤ ደረሰኝ የምሰጠው እኔ ነኝና። አንዳንድ ወር 1,500 ብር፣ አንዳንድ ወር 4,000። የመጣው ሲቀንስ ያፍር ነበር። በሁለት ዓመት ከአምስት ወር ውስጥ 64,000ው ሞላ። የመጨረሻዋን ደረሰኝ በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አጥፎ፣ ዳዊቱ ውስጥ ከተታት።

በዚያው ዓመት በፍልሰታ ቆረበ። ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ ከቅዳሴ ሲወጣ በዓይኔ አየሁት። የንስሐ አባቱ ፈትተውታል። ቤተ ክርስቲያን ተቀብላዋለች። የክርስቶስን ሥጋና ደም ተቀብሏል። የእኛን ጠላ ግን መቅመስ አይፈቀድለትም።

እባካችሁ ይህቺን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ አንብቧት። እኔ ትርጉሟ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በተከታዩ የካቲት 16 ዓመታዊ ድግሳችን ነበር። ማኅበራችን በየወሩ በ16 ነው፤ በ16 የኪዳነ ምሕረት ቀን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግመን፣ ዳቦው ተቆርሶ ነበር። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ካልን አምስት ደቂቃ አልሆነም። በሩ ተከፈተ። እሱ ነው። ትከሻው ላይ ድንጋይ ተሸክሟል።

በእኛ አገር ድንጋይ የተሸከመ ሰው መናገር አያስፈልገውም። ድንጋዩ ይናገርለታል። ተበዳይ ይነሣል፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፣ ድንጋዩን ያወርድለታል። ደንባችን ይህ ነው። በዚያ ምሽት ግን የተነሣ የለም። ሁላችንም ወለል ወለሉን አየን። በመጨረሻ አንድ ሰው «እናስብበታለን» አለ። ወንድማችን ትንሽ ቆመ። ከዚያ ድንጋዩን ራሱ አወረደና አጥሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

እኚያ ዓይናቸውን የታመሙት እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከመቀመጫቸው ለመነሣት ሰው ይደግፋቸዋል፤ እስኪነሡ እሱ ሄዷል። በሚቀጥለው ቀን እኔን ጠርተው «ዓይኔ የቆየብኝ እኔ ይቅር ብየዋለሁ። እናንተ የማንን ቂም ነው ይዛችሁ የምትዞሩት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ሰኔ ላይ የወንድማችን እናት እማሆይ ዐረፉ። እድሩ ደንቡ ነውና ድንኳን ተከለ። ማኅበራችን እንደ ማኅበር አልሄደም። እኔ ብቻዬን ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። ቀና ብሎ አየኝና በራሱ ሰላም አለኝ። አጠገቡ ለመሄድ እግሬ አልታዘዘኝም።

እንግዲህ ልናገር የፈለግኩት ይህን ነው። ቤተ ክርስቲያን ስትቀጣ ቅጣቷ ልክ አለው። እኛ ስንቀጣ ልክ የለንም።

ቀኖና ምንድን ነው? ቁጥር ነው። ይህን ያህል ቀን ጹም፣ ይህን ያህል ስገድ፣ ለድኻ ይህን አድርግ። ሲያልቅ አለቀ። ካህኑ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላል። ስቅለት ማታ እንኳ ሁላችንም ተሰልፈን ካህኑ በወይራ ይጠበጥቡናል፤ የቀረውን ስግደት ይነግሩናል፤ ሰግደን ወደ ቤታችን እንገባለን። የወይራውን ቅጠል ይዞ እስከ ቤትህ የሚከተልህ ቄስ አይተህ ታውቃለህ?

በ325 ዓ.ም. ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት አባቶች የሊቃውንት ሁሉ አባቶች ናቸው። አርዮስን ያወገዙት ናቸው። እነዚያው አባቶች ሌላም ከባድ ጉዳይ ነበረባቸው። በሮም ንጉሥ በሊቅንዮስ ዘመን ማንም ሳያስገድዳቸው፣ ንብረታቸውም ሳይነካ፣ ሃይማኖታቸውን የካዱ ሰዎች ነበሩ። ሰማዕታት ደማቸውን ሲያፈሱ እነዚህ በቀላሉ ካዱ። ከዚህ የባሰ በደል አለ? አባቶች ግን ምን ወሰኑ? ሦስት ዓመት ከሰሚዎች፣ ማለት ንባብና ስብከት ሰምተው ከሚወጡት ጋር ይቁሙ። ሰባት ዓመት ይስገዱ። ሁለት ዓመት ሳይቆርቡ ከምእመናን ጋር ይጸልዩ። ከዚያ ይግቡ። አሥራ ሁለት ዓመት ረጅም ነው፤ አውቃለሁ። ግን መጨረሻ አለው። በዚያው ዘመን ለወደቁ ለሌሎች ደግሞ ጳጳሱ እንባቸውንና ሥራቸውን አይቶ እንዲያቀልላቸው ፈቀዱ። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ቅጣቱን ባይጨርስም ስንቁን፣ ማለት ቅዱስ ቁርባንን፣ እንዳይከለከል አዘዙ።

ሃይማኖት ለካደ መጨረሻ ተጻፈለት። 64,000 ብር ወስዶ ለመለሰ አልተጻፈለትም።

ቅዱስ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በሁለተኛው መልእክቱ የጻፈው ይህንኑ ነው። ብዙዎቻችሁ የቀጣችሁት ቅጣት ይበቃዋል፤ አሁን ይቅር በሉትና አጽናኑት፤ ከልክ ባለፈ ኀዘን እንዳይዋጥ አላቸው። «ይበቃዋል» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እኛ ማኅበር ውስጥ ይህን ቃል ማን ነው የሚናገረው? የማን ሥራ ነው? ቅጣቱን የሚጀምር አለን። «በቃ» የሚል የለንም።

ራሱ ጳውሎስም ቢሆን ይህን የተማረው ቀስ ብሎ ይመስለኛል። ዮሐንስ የተባለው ማርቆስ በጵንፍልያ ከአገልግሎት ጥሏቸው ተመለሰ። በሚቀጥለው ጉዞ በርናባስ እንውሰደው ሲል ጳውሎስ አይሆንም አለ። ክርክሩ ከመጠንከሩ የተነሣ ሁለቱ ሐዋርያት ተለያዩ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከዓመታት በኋላ ግን ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። ይህ ማርቆስ ማን ነው? ወንጌላዊው ነው። የእስክንድርያ መንበር በስሙ የተጠራው ነው። አገራችን ከአባ ሰላማ ጀምሮ 1,600 ዓመት ገደማ ጳጳሳቷን ያመጣችው ከዚያ መንበር ነው። በርናባስ ያን ጊዜ እጁን ባይዘው ኖሮ ምን እንደሚሆን አላውቅም። የማውቀው እጁን መያዙን ነው።

ደግሞ እኛ የሐይቅ ዳር ሰዎች ነን። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ያለውን ከሌላው በፊት እኛ ልንረዳው ይገባ ነበር። ጴጥሮስ የካደው የከሰል እሳት እየሞቀ ነው። በርዷቸው ሎሌዎቹ ባነደዱት እሳት ዳር ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ። ከትንሣኤ በኋላ ወደ ዓሣ ማጥመዱ ሄደ። ሌሊቱን ሲለፉ አድረው ምንም አልያዙም። ሲነጋ ጌታ ባሕሩ ዳር ቆሟል። በቃሉ መረቡን ጣሉ፤ 153 ዓሣ ያዙ። ወደ ዳር ሲወጡ የከሰል እሳት ተቀጣጥሎ፣ ዓሣ ተቀምጦበት፣ እንጀራም ተዘጋጅቶ አገኙ።

ማለዳ ጣና ዳር ታንኳ ሲጠጋ ያላየ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። የደንገሉ ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል። ሰውየው እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤ ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ሆዱ ባዶ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አቁመህ ስለ ትናንት አትጠይቀውም። ጌታም አልጠየቀም። «ኑ ብሉ» አላቸው። እንጀራውን አንሥቶ ሰጣቸው፤ ዓሣውንም። ጴጥሮስን «ትወደኛለህን?» ያለው ከበሉ በኋላ ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀው፤ በሦስተኛው ጴጥሮስ አዘነ። እንግዲህ ጥፋቱ እንዳልነበረ አልታለፈም። ቁስሉ ተነክቷል፤ ያውም በከሰል እሳት ዳር። ግን መጀመሪያ በላ። እኛ ወንድማችንን ስንጠይቀው ከረምን፤ ማብላቱ ግን ተረሳን።

ዘኬዎስም እንደዚያው ነው። ጌታ ቤትህ ልውል ነው ብሎ ገባ። አራት እጥፍ እመልሳለሁ የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ መጣ።

ሌላም ነገር አለ። ብዙዎቻችን በዓመት አንዴም ቢሆን በጀልባ ወደ ዘጌ እንሻገራለን። በቡናው ጫካ ውስጥ ያለውን አቀበት ወጥተን ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንሳለማለን። መቅደሱ ግድግዳ ላይ በላዔ ሰብእ ተስሏል። 78 ነፍስ የበላው ሰው። በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛን ላይ ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ በለጠች። እኛ ሥዕሉ ፊት ቆመን እናለቅሳለን። አለቅሳለሁ፤ እውነቴን ነው። ተመልሰን ባሕር ዳር ስንደርስ ግን ከጎናችን ተቀምጦ 64,000 ብር ለበላ ሰው ሚዛኑን እንኳ አናወጣለትም። በግድግዳ ላይ ያለውን ኃጢአተኛ መውደድ ይቀላል። ያኛው ዕዳ የለብንም፤ መንገድ ላይ አንገናኝም።

ለደም እንኳ ሽማግሌ አለን። ሰው የገደለ ሰው ወገን ካሳ ከፍሎ፣ ሽማግሌ ገብቶ፣ ደም ደርቆ፣ ከሟች ወገን ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። ይህን ያህል የሚያውቅ ሕዝብ ነን።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልምጣ። አንድ ጋሼ «ነገ ደግሞ ቁልፉን ስጡት ልትል ነው?» ብለውኛል። አልልም። ይቅርታና የሣጥን ቁልፍ አንድ አይደሉም። በቤቲንግ ለተያዘ ሰው የሌላ ሰው ገንዘብ ማስያዝ እሱን ራሱን መበደል ነው። ወንድማችንም «ገንዘብ በእኔ በኩል እንዳያልፍ» ብሎ ነግሮኛል። የሚለምነው ሹመት ሳይሆን መቀመጫ ነው። እኛ ሁለቱን ደባልቀን፣ ቁልፉን ላለመስጠት ብለን በሩን ዘጋንበት።

ከዚህ የከበደም አለ፤ ዝም ብዬ ባልፈው ደብዳቤዬ ሌላ ሰው ይጎዳል። ሚስቱን የሚደበድብ አለ። ሕፃን ላይ እጁን ያነሣ አለ። እንዲህ ባለው ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ «ተዪው፣ ይቅር በይው፣ ልጆችሽን አስቢ» ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ እርቅ አይደለም። ጥፋቱን ያልተናገረ፣ ያልካሰ፣ ያልተወ ሰው ገና ወደ በሩ አልመጣም። የተበደለችውን እኅት ይቅር በይ ብሎ መጫን ሁለተኛ በደል ነው። ሕግ የሚጠይቀውን ሕግ ይጠይቀው። ንስሐ የገባ ሰው ፍርድ ቤት ከመቆም አያመልጥም፤ ንስሐው እውነት ከሆነም ለማምለጥ አይሞክርም። ልጆች ባሉበት አገልግሎት ደግሞ ፈጽሞ መመለስ የሌለበት ሰው አለ። እሱም ቢሆን ነፍስ አለው፤ ካህን ይጠይቀው፣ ሲታመም ይጎብኙት፣ ሲሞት ይቅበሩት። ቦታው ግን ልጆቹ ዘንድ አይደለም።

ይህ ጉዳይ የእኛ የኦርቶዶክሳውያን ብቻ እንዳልሆነ ወንጌላዊ ጎረቤቶቼ ነግረውኛል። እነሱም ዘንድ «ታግዷል» የሚለው ቃል በመድረክ ላይ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ ይነገራል። «ተመልሷል» የሚለው ግን በሹክሹክታ ነው። ሰውየው አንድ እሑድ ኋላ ወንበር ላይ ይታያል። ግማሹ ሰላም ይለዋል፤ ግማሹ መመለሱን እንኳ አልሰማም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። ሰውን ስታግዱ መጨረሻውን አብራችሁ ጻፉ። ምን ቢያደርግ፣ ስንት ጊዜ ቢቆይ፣ ማን አይቶት እንደሚመለስ ይጻፍ። ከንስሐ አባቱ ጋር ተነጋገሩ፤ የንስሐ ምሥጢሩን ለማወቅ አይደለም፤ ያ አይጠየቅም። የማኅበሩ ቅጣት ከነፍሱ ቀኖና እንዳይጋጭ ነው። በታገደበት ጊዜ ቤቱን የሚጠይቅ አንድ ሰው መድቡ። እኔ ደረሰኝ ስሰጠው ሁለት ዓመት ተኩል በየወሩ አየሁት፤ አንድ ቀን «ግባና ቡና ጠጣ» አላልኩትም። ደግሞ ሲመለስ በታገደበት ቦታ፣ በዚያው ሰው ፊት፣ በዚያው ድምፅ ይነገር። በመዝገብ የተሰረዘ በመዝገብ ይመለስ።

ከመካከላችሁ ከማኅበር፣ ከሰንበቴ፣ ከመዘምራን፣ ከሰበካ ጉባኤ ወጥቶ የቀረ ሰው የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዶ ኋላ ቆሞ ያስቀድሳል። አንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ትቷል። ስሙን አሁን እያስታወሳችሁት ነው። ስልኩም ስልካችሁ ውስጥ አለ።

ወደ ራሴ ማኅበር ልመለስ። አባቶቼና እናቶቼ፣ ኅዳር 16 ጽዋው እኔ ቤት ነው። ጾም ገብቷልና ዳቦው፣ ጠላው፣ ንፍሮው ይዘጋጃል። ወንድማችንን ጠርቼዋለሁ። በሙሴያችን በኩል አስፈቅጄ ነው፤ «እኔ ራሴ በሩ ላይ እቀበለዋለሁ» ብለውኛል። እኚያ እናትም ቀድመው እንደሚመጡና በሩ አጠገብ እንደሚቀመጡ ነግረውኛል፤ በዚህኛው ሊቀደሙ አይፈልጉም።

ድንጋዩ ከየካቲት ጀምሮ ያ ድግስ ከነበረበት ቤት አጥር ሥር ነበር። ባለቤቱ ሊያነሡት አልቻሉም፤ ልባቸው እንቢ አላቸው። ትናንት ሄጄ ተሸክሜ አመጣሁት። ከባድ ነው። መዝገቡንም አውጥቼ ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኳትን መስመር አገኘኋት። ከሥሯ ለአንድ ዓረፍተ ነገር የሚበቃ ባዶ ቦታ አለ። እስክሪብቶ እኔ አዘጋጃለሁ፤ እጃችሁን ግን ይዛችሁ ኑ።

የማኅበራችሁ ጸሐፊ
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት